ጆሮዋ የቀደመባት ልጅ፦ ከደብረ ማርቆስ ለተላከ የፒያኖ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ 3ኛ ክፍል ትማራለች። አምና አጎቷ ከባሕር ዳር ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አመጣላት። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮም ሆነ ሠርግ ቤት የሰማችውን ዜማ ቤት እንደገባች ትጫወተዋለች፤ ያስተማራት ሰው የለም። ኖታ የሚያውቁ አንድ ጎረቤታችን ሊያስተምሯት ጀምረው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ‹ይኼ የሕፃን ነው› ብላ እምቢ አለች። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ልኬ ላስተምራት? ወይስ ለፒያኖ ረፍዶባታል? እውነተኛ ፒያኖስ መግዛት ግድ ነው? አያቷ መሪጌታ ናቸው፤ ‹ልጅቱን አዝማሪ ልታደርጓት ነው ወይ› እያሉ ያዝናሉ። ግራ ገባኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አዲስ አበባ አይላኳት። አልረፈደባትም። እውነተኛ ፒያኖም ለጊዜው አይግዙ። የእነዚህን ምክንያት ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ። ረጅም መልስ የሚፈልገው ግን እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ ነው፤ ልጅዎ ኖታውን «የሕፃን ነው» ብላ የተወችበት ቀን። ለልጆች ፒያኖ የማስተምር እንደመሆኔ የልጅዎ ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የርስዎን ልጅ የመሰሉ ልጆች ይመጡልኛል። ጆሯቸው ከእጃቸውም ከዓይናቸውም ርቆ ሄዷል። አንድ ዜማ ሲሰሙ የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትንና የሚያርፍበትን ቦታ ወዲያው ይይዛሉ፤ ከዚያ ቁልፎቹ ላይ እየፈለጉ ያገኙታል። እንዲህ ያለችውን ልጅ መካከለኛው ዶ ላይ አስቀምጠው «አራት ቁጠሪና ልቀቂ» ሲሏት ምን ሊሰማት እንደሚችል ያስቡት። አንድ ሙሉ ዘፈን ከነመግቢያው የምትጫወት ልጅ በሦስት ድምፅ የተሠራ መልመጃ ተሰጣት። የተወችው ሰንፋ አይደለም፤ ጆሮዋ ያንን ካለፈው ቆይቷል። ጎረቤታችሁም ጥፋት የለባቸውም። የጀማሪ መጻሕፍት የሚዘጋጁት ጆሯቸውም፣ ዓይናቸውም፣ እጃቸውም እኩል ለሚጀምሩ ልጆች ነው።

እዚህ ላይ ሲደርስ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ተሰጥኦ አላት፣ ኖታ ምን ያደርግላታል» ብሎ ይተዋታል፣ ወይ ደግሞ በጆሮ መጫወቱን ከልክሎ በግድ ኖታው ላይ ያስቀምጣታል። ሁለተኛው ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፤ ልጅቷ ኪቦርዱን ራሱን ትጠላዋለች። የመጀመሪያው ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ አደገኛ ነው። ዛሬ በ9 ዓመቷ ሰፈሩ ይደነቃል። በ13 ዓመቷ ቀኝ እጅ አንድ፣ ግራ እጅ ሌላ ዜማ የሚይዙበት፣ ሦስት አራት ድምፅ ጎን ለጎን የሚሄድበት ሙዚቃ ይመጣል። ያንን በጆሮ ብቻ ለቅሞ መያዝ ለጎበዝም ይከብዳል። ያን ጊዜ «እንግዲህ ማንበብ ልማር» ብትል ከትንንሾቹ ጋር ከሀ መጀመር ይሆንባታል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ማፈር ይበረታል። ጥሩ ጆሮ ያላቸው ልጆች ፒያኖን ሲተዉ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የማደርገው መጫወቱንና ማንበቡን ለያይቼ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በጆሮ መጫወቷ ይቀጥል፤ የፈለገችውን ከባድ ነገር ትሞክር፣ ማንም አይከልክላት። ማንበብ ግን የራሱ ሰዓት ይኑረው፤ በቀን 10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ አይበልጥ፣ አንድም ቀን አይታለፍ። በእነዚህ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የሚቀርብላት ሙዚቃ ቀላል መሆኑን በግልጽ ይንገሯት፦ «ይኼ ለጆሮሽ አይደለም፤ ጆሮሽ አያስፈልገውም። ይኼ ለዓይንሽ ነው።» የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህንን በደንብ ትረዳለች። እንደተሰደበች የሚሰማት ያለ ማብራሪያ ሲቀርብላት ነው።

በንባቡ ሰዓት የማይፈርስ አንድ ሕግ አለ፦ አስተማሪው ሙዚቃውን አስቀድሞ አይጫወትላት። አንዴ ከሰማችው ወረቀቱን አታየውም። ዓይኗ ገጹ ላይ ይሆናል፣ ጭንቅላቷ ግን የሰማውን ይደግማል፤ አስተማሪውም «አነበበች» ብሎ ደስ ይለዋል። ጆሯቸው የበረታ ልጆች በዚህ መንገድ ወራት ሙሉ ያነበቡ መስለው ይቆያሉ፤ ማታለል ፈልገው ሳይሆን ለእነሱ ቀላሉ መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። እርስዎ ኖታ ባያውቁም ይህን መፈተን ይችላሉ። ያጠናችውን ገጽ ክፈቱና መሃል ላይ ባለች አንዲት መስመር ጣትዎን አሳርፈው «ከዚህ ጀምሪ» ይበሏት። እያነበበች ከሆነ ትጀምራለች፤ በጆሮ ይዛው ከሆነ ወደ መጀመሪያው ተመልሳ መንደርደር ትፈልጋለች።

ሁለተኛው ነገር የሙዚቃው ምርጫ ነው። የታወቀ ዜማ አይሁን፤ ጆሮዋ ቀጣዩን የሚገምተው ዓይነትም አይሁን። ለዚህ የምጠቀመው የሃንጋሪውን የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክን ነው። ባርቶክ በየገጠሩ ዞሮ የገበሬ ዘፈን የሰበሰበ ሰው ነው። «ሚክሮኮስሞስ» የተባለው ሥራው በ6 ቅጽ 153 አጫጭር ሙዚቃዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ለገዛ ልጁ ለፔተር አበርክቷቸዋል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ እጆች አንድ ዜማ እኩል ይጫወታሉ፤ አምስቱ ጣቶች ከአምስቱ ቁልፎቻቸው አይነሡም። ስለዚህ ለእጅ ቀላል ነው። ዜማው ግን የሚያርፈው ልጆች ከሚጠብቁበት ቦታ አይደለም፤ ጆሮ «አሁን ወደ ቤቱ ይመለሳል» ሲል እሱ ሌላ ቦታ ይቆማል። በግምት የሚሄድ ልጅ እዚያ ይያዛል፣ ዓይኑን ለመጠቀምም ይገደዳል። አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸው ቅኝቶችም ስለሚገኙበት ለእኛ ልጆች ጆሮ ባዕድ አይሆንም።

ከማንበብ ይልቅ መጻፍን አስቀድሜ የጀመርኩላቸው ልጆችም አሉ፤ ለልጅዎ እንዲያውም ይህ የሚሻላት ይመስለኛል። የራሷን ዜማ ትጫወት፣ ከዚያ «ነገ እንዳትረሽው እንጻፈው» ይበሏት። መጀመሪያ ምቱን ብቻ፣ ረጅሙን በረጅም ሰረዝ፣ አጭሩን በአጭር። ቀጥሎ መውጣትና መውረዱን። ኖታ የሚጻፍባቸው አምስቱ መስመሮች የሚመጡት ሰረዙ አልበቃ ሲላት ነው። የራሷ ነገር ስለሆነ ኖታ የማትወደው ልጅ ራሷ «ይህን እንዴት ነው የሚጽፉት?» ብላ ትጠይቃለች።

ስለ ምትም አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ የጀማሪ መጻሕፍት አብዛኞቹ በ4/4፣ ማለትም አራት አራት እየተቆጠረ በሚሄደው ምት ይጀምራሉ። ጎጃም ያደገች ልጅ እጇና ትከሻዋ የለመደው ግን ችክችካውን፣ ማለትም 6/8 የሚጻፈውን ነው። ስለዚህ ስድስት ቆጥራ በሦስት በሦስት መክፈልን አስቀድማ ትማር፤ ሰውነቷ የሚያውቀውን ዓይኗ ይማረው። ፈጣን ከሆነች ይህን ጠረጴዛ ላይ ታድርግ፦ ስድስት እየቆጠረች ግራ እጇ 1ና 4 ላይ፣ ቀኝ እጇ 1፣ 3ና 5 ላይ ይምታ። ሁለት በሦስት ላይ ማለት ይኸው ነው። ትልልቅ ተማሪዎችን የሚያስቸግረውን ይህን ነገር ከበሮና ጭብጨባ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ቶሎ ሲይዙት አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ ልምጣ። ጎበዝ ጆሮ ላላት ልጅ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር የለም። ነጮቹን ቁልፎች ብቻ እንውሰድ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ትዝታ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ባቲ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ትዝታ ማይነር። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ አምባሰል። አንቺ ሆዬ አንድ ጥቁር ቁልፍ ትፈልጋለች፤ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ ከሶል በስተቀኝ ያለችው ጥቁር። ልጅዎ እስካሁን ትዝታን ጥቁሮቹ ላይ ብቻ ትጫወት ይሆናል፤ ከፋ በስተቀኝ ካለችው ጥቁር ተነሥተው ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ቢነኩ ትዝታ ስለሚሆን ራሳቸው የጀመሩ ልጆች እዚያ ይለምዳሉ። ነጮቹ ላይ ታምጣው።

ከዚያ ይህን ጥያቄ ስጧት፣ መልሱን አትንገሯት፦ «ትዝታ ማይነርና አምባሰል የትኞቹን ቁልፎች ይጋራሉ?» አምስቱንም ይጋራሉ። ቁልፎቹ አንድ ሆነው የሚነሡበትና የሚያርፉበት ሲለይ ስሜቱ ሌላ ይሆናል። ይህን በራሷ ጆሮ ያገኘች ልጅ ስኬል፣ ማለትም የድምፆቹ መሰላል፣ ለምን እንደሚጠና ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ቀጥሎ ያንኑ ትዝታ ከሬ፣ ከፋ፣ ከሶል አስነሥታ ትፈልገው። እዚህ ላይ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ወደ ዜሮ መልሱት፣ አይነካ። እሱ ሲበራ ዶ ብላ የምትነካው ቁልፍ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ቁልፍ ሲነኩላት ስሙን ትክክል ከጠራች ደግሞ ይበልጥ ያምታታታል።

አንድ ቀን «ይህ ቁልፍ ልክ አይደለም» ልትል ትችላለች። በተለይ ከመሰንቆ ወይም ከድምፃዊ የሰማችውን ስትፈልግ። እንዳይቆጧት፤ ልክ ናት። የፒያኖ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት፣ ለ12 እኩል እርምጃ የተከፈለ ነው። የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በፈለገበት ያሳርፋል፤ የክራር ተጫዋችም በጆሮው ይቃኛል፤ ድምፃቸው በሁለት ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል። በደንብ የሚሰማ ጆሮ ይህን ልዩነት ይለያል። «አዎ፣ ያ ድምፅ እዚህ መሣሪያ ላይ የለም፣ ቅርቡን እንውሰድ» ይበሏት። ጆሮዋን እንድትጠራጠር ማድረግ ግን የለብንም።

የራሷን ዜማ የምትሠራበትን ሥርዓት ከጎጃም ቅኔ ቤት ነው የወሰድኩት። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ወይም ዲማ የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባላት ቅኔ በጉባኤ ቃና ይጀምርና እየሰፋ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ትናንት ያቀረበውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይችልም፤ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ደርሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። ፒያኖ ተማሪዎቼን በዚህ መንገድ አስኬዳቸዋለሁ። በሳምንት አንዲት ሁለት ሐረግ ያላት ዜማ፣ የመጀመሪያው የሚጠይቅ፣ ሁለተኛው የሚመልስ፤ ሁልጊዜ አዲስ። ሁለቱ ሲጠሩላት ሦስት፣ ከዚያ አምስት። የምትሠራው ነገር አጭር መሆኑ ይጠቅማታል፤ አጭር ነገር ላይ ጉድለቱ ይታያል።

ይህን ካነሣሁ አያቷን ማለፍ አልችልም። ሐዘናቸው ከፍቅር የመጣ ነውና አክብሩት። ልጃችን ሠርግ ቤት ለሠርግ ቤት እየዞረች እንዳትቀር ነው የፈሩት፤ ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በክርክር ግን አይፈታም። ከቻሉ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። ከዚያ መንነው ግሸን ማርያም ገቡ። በኋላም ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል፤ ፒያኖውንም አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኞች ነው ያዋሉት። እስከ ዕረፍታቸው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2023፣ ኢየሩሳሌም በገዳም ኖሩ። መነኩሴ ሆነው ፒያኖ ተጫወቱ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋባቸውም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን አያቷን ራሳቸውን አስተማሪ ማድረግ ነው። የጸሎት ሰዓታቸውን ሳይነኩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሦስቱ የያሬድ ዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ እንዴት እንደሚለያዩ በድምፃቸው ያሰሟት። የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን ከፍተው ከፊደሉ በላይ ያሉትን ምልክቶች ያሳዩአት፤ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እነዚህን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩዋቸው ይነገራል። ድጓ የሚያህል መጽሐፍ በቃላቸው የሚይዙ ሊቃውንት እንኳ ምልክት አስፈልጓቸዋል። ልጅቱ ይህን ከአያቷ አፍ ብትሰማ እኔ ስለ ኖታ ከምነግራት ይልቅ ታምናለች። አንድ ማሳሰቢያ፦ ያንን ዜማ ኪቦርዱ ላይ እንድታወጣው አይጠይቋት። ቦታው ሌላ ነው፣ አያቷንም ያስቀይማል፤ ርክርኩም ቢሆን ቁልፍ ላይ አይገኝም። በድምፅዋ ትማረው። መዘመር የሚችል ልጅ ፒያኖውንም ያዘምረዋል።

ስለ እጇ። ሳላያት የምገምተው፣ በሁለት ወይም በሦስት ጣት ትጫወታለች፤ ትንሿ ጣቷ ተንጠልጥላለች፤ አንጓዋም ከቁልፎቹ በታች ወርዷል። የኪቦርድ ቁልፍ ቀላል ስለሆነ እንዲህም ሆኖ ይሄዳል፤ ከበድ ያለ ቁልፍ ሲመጣ ግን ክንዷን ያማታል። መጀመሪያ አቀማመጧን አስተካክሉ። ኪቦርዱ አልጋ ወይም መሬት ላይ አይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ስትቀመጥ ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር ትክክል እስኪሆን ወንበሩ ላይ ጋቢ አጥፈው ይደርድሩ፤ እግሯ ከተንጠለጠለ ከሥሩ በርጩማ ያድርጉላት። እግሩ የሚንጠለጠል ልጅ ሚዛኑን በትከሻው ስለሚጠብቅ ትከሻው ይደርቃል።

ትዝታን ከዶ ስትጀምር በቀኝ እጇ ዶን በአውራ ጣት፣ ሬን በጠቋሚ፣ ሚን በመሃል ጣት ትያዝ፤ ከዚያ አውራ ጣቷ ከመሃል ጣቷ ሥር ሾልኮ ሶልን ይንካ፣ ጠቋሚዋ ላን፣ እንደገና አውራ ጣቷ የላይኛውን ዶ። ይህ መሾለክ ለእጇ ትልቁ ትምህርት ነው፤ በዝግታ፣ ክርኗ ሳይነሣ። ኦክታቭ እንድትዘረጋ ግን አታስገድዷት፤ የፒያኖ ኦክታቭ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሰፋል፣ ለ9 ዓመት እጅ ብዙ ነው። አመመኝ ካለች ወዲያው ይቆም፣ ቀኑን ሙሉ ይረፍ። «ቻዪው» የሚባል ነገር ለእጅ አይሠራም።

ቀስ ብሎ ማጥናትን እንደምትጠላ አውቃለሁ፤ ጆሮዋ ዜማውን ስለጨረሰው እጇን መጠበቅ ይሰለቻታል። መፍትሔው ከመጨረሻው መጀመር ነው። የመጨረሻውን ሐረግ ብቻ ትጫወት፣ ቀጥሎ ከሱ የሚቀድመውን ጨምራ፣ እንዲህ እያለች ወደ ኋላ ትሂድ። ጆሮ ወደ ፊት መሮጥ የለመደ ስለሆነ እንዲህ ሲገለበጥበት ይረጋጋል። ጠዋት ከትምህርት በፊት 20 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ ይበቃል። በጆሮዋ ለራሷ የምትጫወተው ከዚህ ውጭ ነው፤ አይቆጠር።

መሣሪያው። የያዘችው 61 ቁልፍ፣ ማለትም አምስት ኦክታቭ፣ ለአሁኑ ይበቃታል፤ አንድ ነገር ግን ይመርመሩ፦ በቀስታ ሲነኩት በቀስታ፣ በኃይል ሲነኩት በኃይል ይጮኻል ወይ? ሁልጊዜ እኩል የሚጮህ ከሆነ እጇ ድምፅን መቆጣጠር ፈጽሞ አትማርበትም፤ መለወጥ ያለበት ያን ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ያማሃና ካሲዮ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ጥናቱ እንዳይቋረጥ ይህን ይዩ። አብሮት የሚመታው የሪትም ማጀቢያ ግን በጥናት ሰዓት ይጥፋ፤ ምቱን ራሷ ትያዝ።

ገንዘብ ሲገኝ ቀጣዩ ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፎቹ ሲነኩ እንደ እውነተኛው ከበድ የሚሉ ዲጂታል ፒያኖ ይሁን። እውነተኛውን የእንጨት ፒያኖ ደብረ ማርቆስ ላይ አልመክርም። ከ200 በላይ የተወጠሩ ሽቦዎች አሉት፤ ውጥረታቸው ሲደመር ከ15 ቶን ያልፋል። ድምፁን የሚያስተጋባው እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቃል፤ ቅኝቱም አብሮ ይናጋል። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚቃኘው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ያን ሰው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሆንብዎታል። ቅኝቱ የወጣ ፒያኖ ደግሞ ጆሮዋ የተከፈተን ልጅ ያሠቃያል። ያ ገንዘብ ለአስተማሪ ይዋል።

ረፍዷል ወይ ላሉት፦ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ የተጫወተው ክራር ነበር። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ ዛሬ በዓለም መድረኮች የኢትዮጵያን ቅኝት በፒያኖ ያሰማል። አስቀድሞ ጆሮው በክራር ተከፍቶ ነበር። የልጅዎ ጆሮ ደግሞ ገና በ9 ዓመቷ ተከፍቷል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ የዲግሪ ትምህርቱ 12ኛ ክፍል ለጨረሱ ነው። እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት አላት። በ9 ዓመቷ ከእናቷ፣ ከአያቷና ከጓደኞቿ ነጥለው 300 ኪሎ ሜትር አርቀው ለሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርት ቢልኳት፣ የሚጎድላት ከምታገኘው ይበልጣል። በዚህ ዕድሜ ልጅን ፒያኖ ላይ የሚያስቀምጠው አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚሰማት ሰው ነው፤ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ክረምት አብራችሁ ሄዳችሁ ለጥቂት ቀናት አንድ ጥሩ አስተማሪ ቢያያት ግን እጅግ ይጠቅማታል፤ በተለይ ለእጇ።

በቀረው ጊዜ በከተማችሁ ኖታ የሚያነብ ሰው ይፈልጉ። ትምህርት ቤቷ ክወናና እይታዊ ጥበባት የሚያስተምረውን መምህር ይጠይቁ፤ ጎረቤታችሁንም እንደገና ያነጋግሩ። ከሷ የተሻለ መጫወት አይጠበቅባቸውም። ማንበብ ማወቅና አለመቸኮል ይበቃል። ከላይ ያልኩትን ሕግ፣ አስቀድሞ አለመጫወትን፣ ያሳውቋቸው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ተጫወቺላቸው» ማለቱን ይቀንሱ። ቡና ላይ አንዳንዴ ደስ ይላል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ልጅቷ የምታውቀውን ብቻ እየደጋገመች አዲስ ነገር መሞከር ትፈራለች። እንክፈልና ለሠርግ ትጫወት የሚል ቢመጣ አሁን አይሆንም በሉ። ስታመሰግኗትም «ጎበዝ» ብቻ አይሁን፤ «ዛሬ ግራ እጅሽ ቀስ ብሎ ጠበቀ» ዓይነት፣ የሰማችሁትን ነገር ይሁን። ኪቦርዱን በቅጣት አትንጠቋት።

እኔም በርቀት ልረዳት ፈቃደኛ ነኝ። ቀጥታ የስልክ ትምህርት አይሆንም፤ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምትን በዚያ ማረም አይቻልም። ይልቅ ቀርጻችሁ በቴሌግራም ላኩ፤ መስመር በተገኘ ጊዜ ይድረሰኝ፣ እኔም ቀርጬ እመልሳለሁ። ኔትወርክ ለሳምንታት ቢጠፋ እንዳትቆም የአንድ ወር ሥራ በወረቀት አስቀድሜ እልካለሁ። ስትቀርጹ ስልኩን ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ፣ በክርኗ ቁመት አስቀምጡት፤ ከጣቶቿ እስከ ትከሻዋና እግሯ ድረስ ይታየኝ። ሦስት ነገር ትጫወት፦ የምትወደውን ዜማ፣ ያንኑ ዜማ ከሌላ ቁልፍ አስነሥታ፣ ከዚያም ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀውን አንድ ገጽ፤ ብትሳሳትም አታስቁሟት፣ ቀረጻውንም አትድገሙት።